ወዲያኛውን ዓለም መቅረጽ፦ ከሞት በኋላ ስላለ ሕይወት ድራማ ፊልም እንዴት ይሠራል?

ከሞት በኋላ ያለውን ዓለም አይቶ ተመልሶ «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርም ተመልካች የለም። ይህ ለፊልም ሠሪ ነጻነት ይመስላል፤ ትልቁ ወጥመድም እሱው ነው። ማንም የማያርመው ዓለም በራሱ ሕግ ካልታሰረ ገና በሁለተኛው ትዕይንት ይፈርሳል። ተመልካቹ ሟቹ ግድግዳ ሰንጥቆ ሲያልፍ ያምናል፤ ያው ሟች ቀጥሎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን «ታዲያ ወንበሩ እንዴት ያዘው?» ይላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከጭስና ከነጭ ብርሃን ሳይሆን ከአንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የሕጉ ገጽ

ስክሪፕቱ ሳይቋጭ ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሩና የካሜራ ባለሙያው አብረው ተቀምጠው ለእነዚህ ጥያቄዎች አጭር መልስ ይጻፉ። ሟቹ ዕቃ ማንሳት ይችላል? በር ይከፍታል ወይስ አልፎት ይገባል? ጥላ አለው? መስታወት ላይ ይታያል? በብርድ ትንፋሹ ይተናል? ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ያለቅሳል? ከሕያዋን የሚሰማው ማን ነው? የለበሰው የሞተበትን ልብስ ነው? ቁስሉስ አብሮት አለ? ጊዜ እዚያ እንዴት ይቆጠራል?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ዕዳው ግን በየክፍሉ ይከፋፈላል። «ጥላ የለውም» ካላችሁ ሟቹ ባለበት ሾት ሁሉ የብርሃን ባለሙያው ከላይ የሚወርድ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ብቻ መጠቀም አለበት፤ የቀትር ፀሐይ ላይ ቀረጻ ቀረ ማለት ነው። «መስታወት ላይ አይታይም» ካላችሁ የግድግዳውን መስታወት ማንሳት ብቻ አይበቃም። የመስኮት ብርጭቆ፣ የመኪና በር፣ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ የተወለወለ ወለል ሁሉ ሟቹን አሳልፎ ይሰጣል። «የሞተበትን ልብስ እንደለበሰ ይኖራል» ካላችሁ ደግሞ ያ ልብስ በየትዕይንቱ ስለሚታይ ከመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አራት አንድ ዓይነት ቅጂ ያስፈልጋል። አንዱ ለንጹሕ ሾት፣ አንዱ ለደም፣ አንዱ ለውሃ፣ አንዱ መጠባበቂያ። አንድ ብቻ ገዝቶ በቀረጻው አጋማሽ ሌላ መፈለግ አያዋጣም፤ የጨርቁ ቀለም ከአንዱ ማቅለሚያ ዙር ወደ ሌላው በትንሹ ይለያያል፤ ካሜራም ልዩነቱን ከዓይን አብልጦ ያሳያል።

ገጹ ሲያልቅ ኮንቲኒዩቲ (ልብስ፣ ዕቃና ሁኔታ ከሾት ሾት እንዳይለወጥ መከታተል) የሚይዘው ሰው እጅ ይግባ። በየሾቱ ከ«የልብስ» እና ከ«የዕቃ» ዓምድ ጎን «ሕግ» የሚል ዓምድ ይጨመርለት። ሕግ ሲጣስ በዚያው ቀን የሚጮህ ሰው ከሌለ ስህተቱ የሚታየው ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማረሚያው ትዕይንቱን ቆርጦ መጣል ብቻ ይሆናል።

ሟች ምን ያጣል?

ድራማ የሚቆመው በሚታጣ ነገር ላይ ነው። ሞት ግን ትልቁን አደጋ ከመጀመሪያው ያነሳዋል፤ የሞተ ሰው ዳግመኛ አይሞትም። የዚህ ዓይነት ስክሪፕቶች መሃላቸው ላይ የሚደክሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሟቹ እየዞረ ያያል፣ ያዝናል፣ ምንም አይደርስበትም። ሌላ የሚያጣው ነገር ስጡት፤ ትዝታውን፣ ድምፁን፣ ተራውን፣ በአንድ ሰው ዘንድ መታወስን። የጊዜ ገደብም አብጁለት።

ጃፓናዊው ሂሮካዙ ኮሬኤዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ፊልም ሟቾች በአንድ ሳምንት ቆይታ ከሕይወታቸው አንድ ትዝታ ብቻ መርጠው ሌላውን ሁሉ መተው አለባቸው። ቦታው ደመና ላይ የቆመ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ያረጀ የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ነው፤ ሠራተኞቹ ወረቀት ይዘው ይጠይቃሉ። ከስክሪፕቱ በፊት ከ500 በላይ ሰዎች ስለ ትዝታቸው ተጠይቀው ነበር፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተዋናይ ሳይሆኑ ራሳቸው ፊልሙ ውስጥ ይናገራሉ። ዘዴው ለማንም ክፍት ነው። ሃያ ሠላሳ ሰው ጠይቁ። «ስለ ሞት ምን ታስባለህ?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ የሚመጣው መልስ ሁሉም የሚለው ነው። «ያን ቀን ምን ይሸት ነበር? ብርሃኑ በየት በኩል ይገባ ነበር? እጅህ ላይ ምን ነበር?» በሉ። የምትፈልጉት ገጸ ባሕርይ በእነዚህ መልሶች ውስጥ ይገኛል።

ሁለቱን ዓለማት መለየት

ቀለም፣ የካሜራ እንቅስቃሴ፣ ሌንስ፣ የፍሬም ፍጥነትና ድምፅ፤ እነዚህ አምስቱ ሁለት ዓለማትን መለያ መሣሪያዎች ናቸው። አምስቱንም በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ። አንድ ወይም ሁለት መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዟቸው። ማይክል ፓወል እና ኤመሪክ ፕረስበርገር እ.ኤ.አ. በ1946 በሠሩት ፊልም ምድርን በቀለም፣ ሰማይን በጥቁርና ነጭ አደረጉት፤ ሕይወት የናፈቀውን ሰው ስሜት ቀለሙ ብቻውን ተሸከመው። በቬም ቬንደርስ የ1987 እ.ኤ.አ. ፊልም ደግሞ መላእክቱ የሚያዩት ጥቁርና ነጭ፣ ሰዎች የሚያዩት ባለ ቀለም ነው። የካሜራ ባለሙያው አንሪ አለካን ለጥቁርና ነጩ ክፍል ማጣሪያ ያደረገው የአያቱን የሐር ካልሲ ነበር።

የካልሲው ዘዴ ዛሬም በዲጂታል ካሜራ ይሠራል። ስስ ጥቁር የሴት ካልሲ ቆርጣችሁ፣ በሁሉም በኩል እኩል ወጥራችሁ፣ በሌንሱ ኋላ ጠርዝ ላይ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ለጥፉት። ጨርቁ የሌንሱን ብርጭቆም ሆነ የካሜራውን የውስጥ ክፍል መንካት የለበትም፤ የተረፈውን ጨርቅ በምላጭ ጠርዙ ድረስ ቁረጡ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) ከ2.8 እስከ 4 ባለው ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ በላይ ሲጠብ የጨርቁ ድር ብርሃን ባለበት ቦታ መታየት ይጀምራል። ጥቁር ካልሲ ጥላውን ጥቁር እንደሆነ ይተወዋል፤ ነጭ ካልሲ ጥላውን ሁሉ ያነጣዋል። ይህ ውጤት በኋላ አይነሳም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) ያለ ካልሲ ቅረጹ።

ፍጥነትን ከመረጣችሁ ጭማሪው ትንሽ ይሁን። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚታይ ፊልም በ32 መቅረጽ እንቅስቃሴውን ሩብ ያህል ያዘገየዋል፤ ተመልካቹ ዝግታውን ሳያውቅ የክብደት ማጣት ይሰማዋል። ንግግር ያለበት ሾት ላይ ግን አይሆንም፤ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ያዙ፤ አለበለዚያ መብራቱ ይርገበገባል፤ ይህም በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ላይታይ ይችላል።

ነጩ ባዶ ቦታ

ወሰን የሌለው ነጭ ለመሥራት ቀላል የሚመስል፣ ሲሠራ ግን ሰውን የሚያደክም ሥራ ነው። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ማዕዘን ተሸፍኖ በክብ መታጠፍ አለበት፤ የእጥፋቱ ክበብ ሬዲየስ አንድ ሜትር ገደማ ካልሆነ ግራጫ መስመር ይታያል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ነጭ ይሁን። አንድ ባልዲ ተጨማሪ ቀለም ይቀመጥ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ጫማ ያቆሸሸውን ወለል መልሶ መቀባት ግዴታ ነው። ስቱዲዮ ከሌለ 2.72 ሜትር ስፋት ያለው የፎቶ ስቱዲዮ የወረቀት ጥቅል ይሠራል፤ ለአንድ ሰው ብቻ ግን ነው፤ ሁለት ሰው ሲራመድበት የወረቀቱ ጠርዝ ምስሉ ውስጥ ይገባል።

ተዋናዩ ከግድግዳው ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። ግድግዳውን ለብቻው፣ ተዋናዩን ለብቻው አብሩ። ግድግዳው ከተዋናዩ ፊት ብርሃን በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ስቶፕ ብቻ ይብለጥ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ብዙዎች ነጭ ይሁን ብለው ሦስት አራት ስቶፕ ያበሩታል፤ ያኔ ብርሃኑ ከኋላ ተጠማዞ የተዋናዩን ጸጉርና ጆሮ ይበላል፤ ፊቱ ላይም ወተት የመሰለ መጋረጃ ይዘረጋል። የካሜራው ዌቭፎርም (የምስሉን ብርሃን መጠን የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ግድግዳው ከ95 እስከ 100 ሲያርፍ በቂ ነው። ፊት በተዋናዩ የቆዳ ቀለም ይወሰናል፤ ጠቆር ላለ ቆዳ ከ40 እስከ 55 ባለው ውስጥ ያዙት። ነጩ ግድግዳ ፊትን ያጨለመ ስለሚያስመስል ደንግጦ ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ ዓይናችሁን ሳይሆን ዌቭፎርሙን እመኑ። ልብሱ ነጭ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ነጭ አታልብሱ፤ ፈካ ያለ ግራጫ ወይም ክሬም ቀለም አልብሱ። ንጹሕ ነጭ ልብስ ነጭ ላይ ጠፍቶ ተዋናዩን ተንሳፋፊ ጭንቅላት ያደርገዋል።

እግር ሥር ያለው ጥላም በሕጉ ገጽ ላይ ይወሰናል። ሟቹ ክብደት ካለው ስስ ጥላ ይቅርለት፤ ከሌለው ጥላውን በጎን ብርሃን አጥፉት።

ጉምና ጭስ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የብርሃን ጨረር የሚያሳየው ጭስ በማሽን የሚሠራ ሲሆን በውሃና በግላይኮል ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ይጠቀማል፤ ለማሽኑ የተፈቀደውን ፈሳሽ ብቻ አድርጉ። ወለል ላይ የሚሳበው ወፍራም ጉም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደረቅ በረዶ ይመጣል።

የጭስ ማሽኑ ትልቁ ጣጣ ኮንቲኒዩቲ ነው። በመጀመሪያው ቴክ የነበረው ውፍረት በአምስተኛው ላይ አይኖርም፤ ሲቆረጥ ክፍሉ በየሾቱ የሚተነፍስ ይመስላል። የንፋስ ማራገቢያዎችንና ማቀዝቀዣዎችን አጥፉ፣ በር ዝጉ፣ በደንብ ከነዛችሁ በኋላ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ የወደዳችሁትን ውፍረት ፎቶ አንስታችሁ ከእያንዳንዱ ቴክ በፊት አስተያዩ። የሕንጻው የጭስ ጠቋሚ ደወል እንዳይጮህ ከሕንጻው ኃላፊ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ደረቅ በረዶ ግን ቀልድ አያውቅም። ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በወፍራም ጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይነካም፤ በታሸገ ዕቃ ከተቀመጠ ዕቃውን ያፈነዳል። አንድ ኪሎው ወደ 540 ሊትር ጋዝ ይሆናል። 6 በ8 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ባለው ዝግ ክፍል ውስጥ 10 ኪሎ ብትጨርሱ ጋዙ ከክፍሉ አየር 4 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በዚህ መጠን ራስ ምታትና ፈጣን ትንፋሽ ይጀምራል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ እኩል አይሰራጭም፤ ወለል ላይ ይተኛል። በዚህ ዓይነት ፊልም ወለል ላይ የሚተኛው ማን ነው? ሟቹን የሚጫወተው ተዋናይ! ስለዚህ የተኛ ሰው ወይም ሕፃን ያለበት ሾት ላይ ደረቅ በረዶ አትጠቀሙ። ሌላው ሾት ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ በጉልበት ከፍታ አስቀምጡ፤ በየቴክ መካከል በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ። ጉሙ የሚወጣው በረዶው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጉሙም ይሞታል፤ ቴክ ሊጀመር ሲል እንጂ ቀድማችሁ አትጨምሩ።

በብርጭቆ የሚመጣ መንፈስ

ለሟቹ መታየትና መጥፋት ከኮምፒውተር በፊት የነበረው ዘዴ፣ ማለትም በጎን የቆመን ሰው በብርጭቆ ነጸብራቅ ማሳየት፣ እስካሁን ከሁሉ ይበልጥ ያምራል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ እውነተኛ ነው። ጆን ሄንሪ ፔፐር እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ መሠረቱን ያሰበው ሄንሪ ዲርክስ ነበር።

ለካሜራ እንዲህ ይዘጋጃል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሁን። ከሌንሱ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ብርጭቆ በ45 ዲግሪ አቁሙ። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ወፍራም ብርጭቆ በፊትና በኋላ ገጹ ሁለት ጊዜ ስለሚያንጸባርቅ መንፈሱ ድርብ ጠርዝ ያወጣል። ሕያው ተዋናይ ከብርጭቆው ወዲያ አራት ሜትር ላይ ይቁም። ሟቹ ደግሞ በጎን በኩል፣ ከብርጭቆው እንዲሁ አራት ሜትር ርቆ፣ ዙሪያው በጥቁር ቬልቬት ተሸፍኖ ይቁም። ርቀቱ እኩል ካልሆነ አንዱ ፎከስ ውስጥ ሲሆን ሌላው ይደበዝዛል፤ ትልቅና ትንሽም ይሆናሉ።

ተራ ብርጭቆ የሚያንጸባርቀው ከሚደርሰው ብርሃን አሥር በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሟቹ ከሕያው ሰው አሥር እጥፍ፣ ማለትም ከሦስት ስቶፕ ትንሽ በሚበልጥ ከፍ ያለ ብርሃን ያስፈልገዋል። መብራቱን ቀስ በቀስ በሚጨምርና በሚቀንስ ማብሪያ ላይ አድርጉት። ሲጨመር ሟቹ ከአየር ውስጥ ይወጣል፤ ሲቀነስ ይሟሟል፤ ካሜራው ላይ የሚነካ ነገር የለም። መጀመሪያ ዓይኖቹ ብቻ እንዲታዩ ትንሽ መብራት ፊቱ ላይ፣ ሌላ መብራት ገላው ላይ ለይታችሁ ብታደርጉ አመጣጡን እንደ ፈለጋችሁ ታቀናብራላችሁ።

የሚበላሸው የት ነው? ምስሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ሰዓቱን በሌላው እጅ፣ የጸጉሩን ክፍያ በሌላው ጎን አድርጉ፤ ጽሑፍ ያለበት ልብስ አይለበስ። ሟቹ ሕያው ሰውን አያየውም፤ ዓይኑን የሚጥልበት ምልክት በሞኒተር እያያችሁ በቁመቱ ልክ ለጥፉ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ካለ ነጸብራቁን ሊያጠፋው ይችላል፤ አውጡት። አቧራ ደግሞ የብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ ብርጭቆው በየቴኩ ይወልወል።

ብርጭቆ ማቆም ካልተቻለ ለየብቻ ቀርጾ ማጣመር ነው። ትራይፖዱን በአሸዋ ከረጢት አክብዱ፤ ፎከስ፣ ኤክስፖዠርና የቀለም ሚዛን በእጅ ይቆለፉ፤ የምስል ማረጋጊያው ይጥፋ። መጀመሪያ ከሟቹ ጋር፣ ቀጥሎ ያለ ሟቹ፣ መጨረሻ ባዶውን ቦታ ሠላሳ ሰከንድ ቅረጹ። መስኮት ካለ ሦስቱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቁ፤ ደመና ሲያልፍ ሾቶቹ አይገጥሙም።

ሬሳ የሚሆነው ተዋናይ

እዚህ ላይ ትንሹ ነገር ሁሉንም ያፈርሳል። ተዋናዩ አየሩን ግማሽ ያህል አውጥቶ ይያዝ፤ ሳንባውን ሞልቶ የያዘ ሰው ደረቱ ይንቀጠቀጣል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ በላይ እንዲይዝ አትጠይቁት፤ ሾቱን በዚያ ልክ አቅዱ። ረዘም ካለ በሆዱ ይተንፍስ፤ ልብሱ ሰፊ ይሁን፤ ካሜራው ከደረት በላይ ይያዝ። ዓይን ሲጨፈን ሽፋሽፍት እንዳይርገበገብ ከዓይኑ ቆብ በታች ዓይኑን ወደ ደረቱ አቅጣጫ ያሳርፍ። አንገት ላይ የሚመታውን የደም ሥር የሚረሳ ብዙ ነው፤ በኮሌታ ሸፍኑት ወይም የአንገቱን ጎን ከብርሃን አውጡት።

ሜካፑ ነጭ ዱቄት አይደለም። ከሞተ ሰው ፊት የሚጠፋው ቀይ ሙቀት ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ወደ አመድማ ግራጫ፣ ቀላ ያለው ወደ ቢጫማ ይሄዳል። ከንፈርና ጥፍር ላይ ስስ ግራጫ ሰማያዊ ጨምሩ። እጅና ጆሮ ካልተቀቡ ፊቱ ጭምብል ይመስላል።

የሬሳ ሣጥን ውስጥ የሚተኛ ተዋናይ ካለ ሣጥኑ ካሜራ በማያየው በኩል ሰፋፊ የአየር ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ ክዳኑ እንዳይቆለፍ ይደረግ፤ እጁ የሚደርስበት ማንኳኳት እንደ ምልክት ይስማሙበት፤ ክዳኑን ለመክፈት ብቻ የቆመ አንድ ሰው ይመደብ። ስክሪፕቱን አስቀድማችሁ ለሠራተኛው ሁሉ አስነብቡ። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው በዚያ ቀን ከቦታው መራቅ ከፈለገ ያለ ጥያቄ ይፈቀድለት።

ዝምታን መቅረጽ

ወዲያኛው ዓለም ጸጥ ያለ ነው ብላችሁ የድምፅ ትራኩን ባዶ አታድርጉት። ፍጹም ዝምታ ሲመጣ ተመልካቹ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል። በየቦታው ስልሳ ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ፤ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ መብራቱ እንደበራ። ከዚያ በሟቹ ዓለም አንድ አንድ እያላችሁ አንሱ፤ መጀመሪያ ወፉን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ የልብሱን ኮሽታ፤ የክፍሉን እስትንፋስ ግን ተዉት። ተመልካቹ የጎደለውን መጥቀስ ሳይችል መጉደሉን ይሰማዋል። ንግግር ላይ የማስተጋቢያ ድምፅ ጫን አታድርጉ፤ ቃሉ ይጠፋል። ለአንዲት ቃል ብቻ ብትተዉት የበለጠ ይሠራል።

በቦታው ላይ የሚጮህ መሣሪያ ካለ ደግሞ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚሞላ ከመጀመሪያው በዕቅድ ያዙ። ከላይ ባነሳነው የ1946 ፊልም ወደ ሰማይ የሚወጣው ደረጃ በሞተር የሚሠራ እውነተኛ መወጣጫ ነበር፤ 106 እርከኖች፣ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 12 የፈረስ ጉልበት። ከጩኸቱ የተነሣ እዚያው ድምፅ መቅዳት ስላልተቻለ ንግግሩ በኋላ ተሞላ። የጭስ ማሽን፣ የንፋስ ማራገቢያና የውሃ ማሞቂያ ዛሬም ያንኑ ያደርጋሉ። መሙላቱ የማይቀር ከሆነ ተዋናዮቹ ከቴኩ በኋላ ወዲያው፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ እዚያው ቦታ ላይ ንግግሩን ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ ስሜቱ ትኩስ ነው፤ ክፍሉም ያው ክፍል ነው።

ከዋናው ቀረጻ በፊት አንድ ሙሉ የሙከራ ቀን ያዙ፤ ብርጭቆውን፣ ጉሙን፣ ካልሲውንና ሜካፑን በዚያው ካሜራና በዚያው ተዋናይ ሞክሩ፤ ውጤቱንም በትልቅ ስክሪን እዩ። የመጀመሪያው ቁርጥ ሲያልቅ ደግሞ ስክሪፕቱን ያላነበቡ ሦስት ሰዎች አሳዩና ስለ ፊልሙ ጥሩነት ሳይሆን ስለ ዓለሙ ሕግ ጠይቋቸው፤ ሟቹ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ምን ሊያጣ ነው? መልሳቸውን ከሕጉ ገጽ ጋር አስተያዩ። ሦስቱም የተሳሳቱበት መስመር ካለ መቅረጽ ያለበት አንድ ሾት ጎድሏል ማለት ነው፤ ልብሱና ዕቃው ሳይመለስ፣ ዲኮሩም ሳይፈርስ ቅረጹት።